ቢጫው ማተብ

ከሁሉ በፊት ልንገራችሁ፤ ቅናተኛ ነኝ። "እኔም ትንሽ ትንሽ እቀናለሁ" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ትንሽ ትንሹን አላውቀውም። ሚስቴ ብርቄ ከሚኒባስ ረዳት ጋር ሁለት ቃል ከተለዋወጠች፣ ሦስተኛው ምን ሊሆን ነበር እያልኩ የማድር ሰው ነኝ። ይህን ጠባዬን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ፣ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ማዱራይ በምትባል ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ጫማና ያለ ስልክ ምን እሠራ እንደነበር አይገባችሁም።

ይመር እባላለሁ። መካነ ሰላም ከገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ብርቄ ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ትምህርቷ ስለ ውኃ ነው። ስንጋባ "የተማረች ልጅ ለሰፊ?" ያለ ብዙ ነበር። እሷ ግን ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ቀሚሱንም ሰፊውንም ይዛ ሄደች። ልጅ ገና አልወለድንም። "ስመለስ" እንዳለች ነው ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ሕንድ የበረረችው።

የምታጠናው በዚያ አገር በድሮ ቤተ መቅደሶች ውስጥ ያሉትን ባለ ደረጃ የውኃ ኩሬዎች ነው። የጥንት ነገሥታቱ የክረምቱን ዝናብ እንዴት አጠራቅመው በጋውን ይሻገሩ እንደነበር ትመረምራለች። እኛ ዘንድ በጋ ሲገባ ጀሪካን ይዞ ምንጭ ላይ ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነውና "ለእኛም ይበጃል" ስትለኝ አምኜ ሸኘኋት። በመጀመሪያው ዓመት በስልክ የምታወራኝ ስለ ኩሬ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሰልቫ የሚባል ሰው ወሬያችን ውስጥ ገባ። አብሯት የሚማር የአገሩ ልጅ ነው። ሰልቫ እንዲህ አለ፤ ሰልቫ መኪና አምጥቶ ወሰደን፤ ሰልቫ በሳቅ ገደለን።

"ይሄ ሰልቫ ሚስት የለውም?" አልኳት አንድ ቀን።

"የለውም" አለችኝ። ስለ አየሩ የጠየቅኋት ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወዲያ ስፌቴ ተበላሸ። ከሱቄ ቀጥሎ ጨርቅ የሚሸጡት ሸህ ሰይድ፣ ከሥራ በኋላ ለሰፈሩ ልጆች ቁርዓን የሚያቀሩ ትልቅ ሰው፣ አንድ ቀን ከበሬ ላይ ቆመው ትክ ብለው አዩኝ።

"አንተ ይመር፣ ምን ሆነሃል?"

"ደህና ነኝ፣ ሸህ።"

"ደህና ሰው የሱሪ እግር ይደፍናል?"

እውነታቸውን ነው። የአንድ ገበሬን አዲስ ሱሪ ከታች ሰፍቼ ዘግቼው ነበር። ያን ዕለት የሆዴን ሁሉ ነገርኳቸው። ብርቄ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው፤ ነገር ግን እዚያው ሁለት ዓመት ቆይታ እንድትሠራ ጠይቀዋታል፤ ቡድኑ ደግሞ የሰልቫ ቡድን ነው። መልስ አልሰጠችም። "መጥተህ እይና እንነጋገር" ብላ ከምትቀበለው አበል አጠራቅማ ትኬት ልካልኛለች። ሚስት ትኬት የምትልክለት ባል መሆኔም ሌላ እሾህ ነበር።

"ሂድ" አሉኝ ሸህ ሰይድ። "ዓይንህን አስቀድም፤ ምላስህ ይከተል። አብሽር፣ አላህ ያውቅልሃል።"

"አሚን" አልኳቸው። በልቤ ግን የወሰንኩት ሌላ ነው። ሚስቴን ይዤ እመለሳለሁ። ቋንጣና በሶ ቋጠርኩ፤ ሄድኩ።

ከአገሬ ስወጣ ደጋው አቀስታ ላይ በብርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ቼናይ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ካውያ እንፋሎት ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ብርቄ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከስታለች፤ ጠቁራለች፤ አምራለች። ከኋላዋ ጢሙን በሥርዓት ያስተካከለ፣ ረዥም፣ መልከ መልካም ሰው ቆሞ ፈገግ ይላል። ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደ። ብሰጠው ሽንፈት፣ ብከለክለው ባለጌነት ሆነብኝ፤ ሰጠሁት።

አስቀድሞ ያየሁት አንገቷን ነው። ልብስ ሰፊ ሰው ሲያይ ክር ይቀድመዋል። ከአገር ስትወጣ ያሰረችው ጥቁር ማተብ የለም፤ በምትኩ በእርድ የተነከረ የሚመስል ቢጫ ክር አስራ፣ ያንኑ የድሮ መስቀሏን አንጠልጥላበታለች። ማታ ሆቴል ስንገባ ጠየቅኋት።

"ማተብሽን ቀየርሽው?"

"አሮጌው ተበጠሰ" አለችኝ እየሳቀች። "የዚህኛውን ታሪክ ማዱራይ ስንደርስ እነግርሃለሁ።"

ማዱራይ እሷ የምትማርባት ከተማ ናት። የተከራየችበት ቤትና "አማ" እያለች የምትጠራቸው አከራይዋ እዚያ ናቸው። ታሪኩን ለማወቅ አልቸኮልኩም። ማተቧን አለመበጠሷ በቃኝ፤ ቀለሙ ምን ገዶኝ። እንዲያውም በሚቀጥሉት ቀናት ቅናቴ ሲያንቀኝ ያን ቢጫ ክር እያየሁ ነበር የምጽናናው። ሃይማኖቷን የጠበቀች ሴት ባሏንም ትጠብቃለች እል ነበር።

ከቼናይ እስከ ማዱራይ በሰልቫ አጎት መኪና፣ መንገድ ላይ ያሉትን ቤተ መቅደሶች እያየን ልንወርድ ነው ዕቅዱ። ብርቄ ኩሬዎቿን ታሳየኛለች፤ ሰልቫ ይነዳል። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። "ፊት ሁን" ብለውኝ ነበር፤ ከኋላ ሆኜ ሁለቱንም ማየት ስለፈለግሁ "እግሬን ልዘርጋ" አልኩ።

ማሃባሊፑራም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ማዕበሉ ከሥሩ የሚመታው የድንጋይ ቤተ መቅደስ አየን። በሬው፣ አንበሳው፣ ደናሿ ሁሉ ከአለት ወጥተዋል። ጠራቢዎቹ የሴቷን ቀሚስ እጥፋት ሳይቀር በመሮ አውጥተውታል። እኔ በመቀስና በክር የማልሞክረውን እጥፋት በድንጋይ ሠርተውት ሳይ ለአፍታ ቅናቴን ረሳሁ። ወዲያው ሰልቫ ለብርቄ ኮኮነት አስቆርጦ ሰጣት። ለእኔም ሰጠኝ፤ መጀመሪያ ግን ለእሷ ነው የሰጠው።

ፑዱቼሪ የሚባለው ከተማ ፈረንሳዮች ብዙ ዘመን ይዘውት የነበረ ነው። ቤቶቹ ቢጫና ነጭ፣ በረንዳዎቹ ሰፋፊ፣ ከየግድግዳው ላይ ሐምራዊ አበባ የሚፈስስበት ነው። የመንገዱ ስም ሳይቀር ዛሬም በፈረንሳይኛ ተጽፏል።

"ሰዎቹ ሄዱ፤ ቀለማቸው ቀረ" አለኝ ሰልቫ በእንግሊዝኛ። የእኔ እንግሊዝኛ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚናገር ግን እሰማዋለሁ።

"ከመጡ በኋላ በቀላሉ የሚሄድ የለም" አልኩት። ስለ ፈረንሳዮች አልነበረም የምናገረው።

ምሳ በሙዝ ቅጠል ላይ ቀረበ። ብርቄ ሩዙን በጣቷ እያድበለበለች እንደነሱ ትበላለች። ሰልቫ የሆነ ነገር ሲላት ራሷን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች፤ እኛ ዘንድ እንቢታ ነው፣ እነሱ ዘንድ እሺታ ነው አሉ። ሚስቴ አንገቷን ሳይቀር ተምራልኛለች። እኔም እንግድነቴን ላሳይ ብዬ ቋንጣዬን አወጣሁና ለሰልቫ ጉርሻ ዘረጋሁለት። ወደ ኋላ ሸሸ።

"ሥጋ አይበላም" አለችኝ ብርቄ በቀስታ። "ደግሞ በእነሱ ባህል ከሰው እጅ መጉረስ ነውር ነው።"

ጉርሻዬን ራሴ ጎረስኩት። ከእኔ እጅ ካልጎረሰ ሰው ጋር ሚስቴ በሳቅ ትሞታለች፤ ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው?

በአንዱ ቤተ መቅደስ በር ላይ ግንባሩ በቀለም የተሸለመ ዝሆን በኩምቢው ራስ ይመታል፤ ቡራኬ ነው። የእኔንም መታኝ። "የእናንተ ዝሆኖች ከእንግሊዝ ጦር ጋር መድፍ ተሸክመው እኛ ዘንድ መቅደላ ድረስ መጥተው ነበር" አልኩት ሰልቫን፣ ነገር ፍለጋ። አሰበና "እነሱም ወደው ነው የመጡት ያለ የለም" አለኝ። ለጠብ የማይመች ሰው ነው። ይኼም አናደደኝ።

ማዱራይ የገባነው ጠዋት ነው። አማ ዘንድ የምንጠበቀው ማታ ነበር። ብርቄ የትልቁን ቤተ መቅደስ ኩሬ ለመለካት ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ ቢሮው ሄደች፤ ሰልቫ እስክትጨርስ እኔን ይዞ ወደ አንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። በእንግሊዞች ዘመን ከአውሮፓ የመጡ ቄሶች ያሠሩት፣ ሁለት ረዣዥም ግንብ ያለው ነው። "ክርስቲያን ስለሆንክ ደስ ይልሃል" አለኝ። ምእመናኑ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ሳይ በእርግጥም ደስ አለኝ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ውስጥ ሠርግ ነበር። ሙሽሪት ወርቅማ ሳሪ ለብሳለች። ቄሱ አንድ ነገር በሳህን አቅርበው ባረኩ። ሙሽራው አነሳው። ቢጫ ክር ነው። በእርድ የተነከረ ቢጫ ክር፤ መሐሉ ላይ ትንሽ የወርቅ መስቀል አለበት። ከሙሽሪት ኋላ ዞሮ አንገቷ ላይ አሰረው።

"ምንድን ነው ያሰረላት?" አልኩት ሰልቫን።

"ታሊ ነው። ጋብቻው ራሱ ማለት ነው። ሂንዱም ክርስቲያንም ብንሆን ያለሱ ሠርግ የለንም። ሦስት ቋጠሮ አለው፤ የመጀመሪያው የባል ነው፤ የቀሩትን እህቱ ትጨርሳለች። እኛ ቤት ቢሆን አሁን ከበሮው እንደ ጉድ ይመታ ነበር፤ ሲታሰር ክፉ ቃል ጆሮ እንዳይገባ።"

"ሴት ራሷ ገዝታ ብታስረውስ?"

ሰልቫ ሳቀ። "ማን ታደርገዋለች? ባል ሳይኖር ማን ያስርላታል?"

አያችሁ፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ስንት ቀን ሙሉ ማተብ ነው እያልኩ የተጽናናሁበት ክር፣ ሌላ ሰው ሚስቴ አንገት ላይ ያሰረው የጋብቻ ክር ሊሆን ነው። የሰልቫን እጆች አየሁ። ጣቶቹ ረዣዥም ናቸው፤ ቋጠሮ የሚያምርባቸው።

ወደ ቤተ መቅደሱ በእግር ሄድን። በአራቱም ማዕዘን ሰማይ የሚነካ ግንብ አለው፤ ከላይ እስከ ታች በአማልክት፣ በአውሬና በሰው ምስል ተሸፍኗል፤ ሁሉም ባለ ቀለም ነው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ስልካችንንና ጫማችንን በሩ ላይ አስረከብን፤ ተቀባዩ የሰጠውን ቁጥር ሰልቫ ኪሱ ከተተው። የእኔ ፓስፖርት ብርቄ ቦርሳ ውስጥ ነው። ይኼን ሁሉ ያኔ አላሰብኩትም።

የድንጋይ ምሰሶዎቹ ጫካ ናቸው። ጨለማውን አልፈን ብርሃን ላይ ስንወጣ፣ በአራት በኩል በደረጃ የተከበበ ሰፊ ኩሬ አለ። ብርቄ ከውኃው አጠገብ ተንበርክካ የመለኪያ ሜትሯን ደረጃው ላይ ዘርግታለች። ፊቷን አየሁት። እንዲህ ሲበራ ያየሁት የተጋባን ሰሞን ብቻ ነው። ለማን ነው ይኼ ፊት? አልኩ በሆዴ። ጎንበስ ስትል ማጅራቷ ተገለጠ፤ የክሩን ቋጠሮ አየሁት።

"ብርቄ፣ ይኼን ክር ማን አሰረልሽ?"

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ሰልቫን አየችው፤ ከዚያ እኔን። ፈገግ አለች።

"ማን ነገረህ?"

"ማን አሰረልሽ ነው ያልኩሽ።"

"ማታ እነግርሃለሁ አልኩህ እኮ። እዚህ አይሆንም፤ ትንሽ ታገሥ።"

ሰልቫ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላት። ራሷን ግራና ቀኝ አወዛወዘችለት።

ያቺ የአንገት ውዝዋዜ ናት የጨረሰችኝ። ዞሬ ሄድኩ። ስትጠራኝ ሰማሁ፤ አልዞርኩም። ጥንድ ጥንድ እየሆነ የሚመጣውን ሕዝብ በትከሻዬ እየገፋሁ፣ ያገኘሁትን በር ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ደርሼ የመጀመሪያውን እርምጃ ስረግጥ ነው ጫማ አለማድረጌን ያወቅሁት። ድንጋዩ ምጣድ ሆኗል። እየዘለልኩ ጥላ ፈለግሁ። ወደ በሩ ዞሬ ሳይ ግንቡ አለ፤ ጫማ ያስረከብንበት ሰው ግን የለም። ይኼኛው ሌላው በር ነው። ግንቡን ይዤ ዞርኩ፤ ሌላ ግንብ መጣ፣ የመጀመሪያውን የመሰለ። አራቱም አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። ስልክ የለኝ፤ ፓስፖርት የለኝ፤ የአማን ቤት አላውቀው፤ ቋንቋቸውን አልሰማ። ሚስቴን ልወስድ የመጣሁ ሰው የራሴን ጫማ አጣሁ።

ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለልኩ በሐሳቤ ችሎት ቆምኩ። ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ ሰልቫ እንዴት አወቀ? መኪናው ውስጥ ዘፈን ሲያንጎራጉር ግጥሙን ለምን ጨረሰችለት? "ቢርኪ" ብሎ የሚጠራት በማን ፈቃድ ነው? ብቻዬን መካነ ሰላም ስገባ የሚሉኝ ታየኝ። "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ማን ልቀቃት አለው?" ይሉኛል። ሸህ ሰይድ ምንም አይሉም፤ የእሳቸው ዝምታ ይብስብኛል። ከዚያ ደግሞ ንዴቴ አለቀና ፍርሃት ብቻ ቀረኝ። ያለ እሷ ማታ ሱቄን ዘግቼ የምገባበት ቤት ታየኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የአበባ ሻጮች እያዩኝ፣ ግንብ ተደግፌ አለቀስኩ።

እንዲህ እያለሁ አንድ ድምፅ ሰማሁ። በዓለም ላይ በማንኛውም ቋንቋ የምሰማው ድምፅ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና። ተከትዬው ሄድኩ። ከቤተ መቅደሱ ብዙም ሳይርቅ፣ በተቀረጹ ምሰሶዎች የቆመ የድሮ የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደርድረው ይሰፋሉ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። እግሬን ሳሳርፍ ልቤም አረፈ መሰለኝ።

ዳር ላይ የተቀመጡ፣ ግንባራቸውን አመድ የተቀቡ ሽማግሌ ሰፊ እግሬን አዩ። ውኃ በጣሳ ሰጡኝ፤ በርጩማ ገፉልኝ። በጣቴ መኪናቸውን፣ ከዚያ ራሴን አሳየሁ። ገባቸው። አጠገባቸው ባዶ መኪና ነበረች፤ የተማሪ ቀሚስ ከጠርዙ ታጥፎ የተተወባት። "በል" አሉኝ በእጃቸው። ተቀመጥኩ። እግሬ ፔዳሉን ሲያገኝ ትንፋሼ ተመለሰ። የማላውቃትን ልጅ ቀሚስ ጠርዝ ሰፋሁ፤ ሌላም ጨመሩልኝ። ፀሐይዋ ዞራ ጥላው እስኪረዝም ድረስ ሰፋሁ።

ብርቄ ስትመጣ መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። ባዶ ነው፤ አቧራ ብቻ። ጫማዎቼን በእጇ ይዛለች፤ የራሷን ግን ማድረግ ረስታለች። ሰልቫ ከኋላዋ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል።

"እንዴት አገኘሽኝ?" አልኳት።

"ፖሊስ ዘንድ ሄድን። ሆስፒታል ሄድን።" ጫማዎቼን እግሬ ሥር ወረወረቻቸው። "ከዚያ ይመር የትም ቢጠፋ የስፌት መኪና ሲጮኽ ሰምቶ አያልፍም ብዬ የሰፊ ሰፈሩን መዞር ያዝኩ። ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የምታደርገኝ?"

"ሠርጉን አየሁ፣ ብርቄ። ክሩን ባል ነው የሚያስረው።"

"አዎ፣ ባል ነው የሚያስረው።"

"ታዲያ አንቺን ማን አሰረልሽ?"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሰፊዎቹ አንድ በአንድ እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ።

"ከሁለት ወር በፊት ጥቁሩ ማተቤ ገላዬን ስታጠብ ተበጠሰ" አለችኝ። "ባዶ አንገቴን አማ ሲያዩ ደነገጡ። 'ባለትዳር ሴት እንዲህ አትሆንም' ብለው ይኼን ክር ገዙልኝ። እኔም መስቀሌን አሰርኩበት፤ ለእኔ ማተብ ነው፤ ለሚያየኝ ሰው ደግሞ ባል አላት ይበል ብዬ ወደድኩት። ልናስረው ስንል 'ባልሽስ?' አሉኝ። 'ባሌ ሩቅ ነው' አልኳቸው። አንተ ሜትር አንገትህ ላይ አድርገህ መኪናህ ላይ ተቀምጠህ የተነሳኸው ፎቶ አለ አይደል? አመጡና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። 'ይኸው መጣ፤ እኔ እህቱ ነኝ' ብለው የእህትየዋን ሁለት ቋጠሮ እሳቸው አሰሩ። የአንተን ተዉት። 'የባል ቋጠሮ በሰው እጅ አይታሰርም፤ ሲመጣ ያስረዋል' አሉ። ማታ እሳቸው ቤት ልታስርልኝ ነበር። አበባ አዘዋል፤ ሰልቫም ከበሮ መቺ ለምኗል። አንተ ግን መች ትታገሣለህ።"

ጀርባዋን ሰጠችኝና ፀጉሯን ወደ ፊት መለሰችው። "ቁጠር" አለችኝ።

ሰፊ ነኝ እኮ። ኩሬው ዳር ቋጠሮውን አይቼው ነበር፤ ቅናት ዓይኔን ሸፍኖት አልቆጠርኩትም። ሁለት ነው። ከሁለቱ በላይ ለአንድ የሚበቃ ጫፍ ተርፏል፤ ሁለት ወር ሙሉ ተንጠልጥሎ የጠበቀኝ።

ጫፎቹን ያዝኩ። በቀን ስንት ክር የምቋጥር ሰው፣ የመጀመሪያው አመለጠኝ። ሽማግሌው ሰፊ ምን እየሆነ እንዳለ ሲገባቸው ለጓደኞቻቸው አንድ ነገር ጮኹላቸው። ሁሉም እግራቸውን ወደ ፔዳሉ መለሱ። ጨርቅም ክርም የሌለባቸውን መኪናዎች ባዶአቸውን አንድ ላይ ነዱት፤ ያ የድንጋይ አዳራሽ ተናጋ። ከበሮ ነበር የጎደለው፤ እነሱ ሞሉት። በዚያ ድምፅ መሐል አሰርኩት። ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት።

ድምፁ ሲበርድ ብርቄ ሳትዞር "ሁለት ዓመት ቆይተሽ ሥሪ ላሉኝ ሰዎች መልስ ያልሰጠሁት ይኼ እስኪታሰር ነው" አለችኝ። "አሁን ምን ልበላቸው?"

ከአገሬ የመጣሁት "ነይ እንሂድ" ልላት ነበር። አፌ ላይ ነበረ። ግን ኩሬው አጠገብ ያየሁት ፊቷ ትዝ አለኝ። ያ ፊት የሰልቫ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። የውኃው ነው። የተቀናቃኜን ስም ተሳስቼ ኖሯል። ሰልቫ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ይሸነፋል። ኩሬን በምን ታሸንፈዋለህ? ከሱ ነጥቄ ብወስዳት ደግሞ ያ ፊት ከእሷ ጋር አይመጣም።

"ቅሪ" አልኳት። "ግን ስትጨርሺ ኩሬውን ይዘሽ ነይ። ለመካነ ሰላም።"

ጫማዬን እግሬ ላይ አደረገችልኝ።

ማታ አማ ቤት አበባውም ከበሮውም አልቀረም። አማ አጭር፣ ቁጡ አሮጊት ናቸው፤ ቋጠሮውን በጣታቸው ፈትሸው "መልካም" በሚል ዓይን አዩኝ። ሰልቫ ቀኑን ሙሉ ምን እንደጠረጠርኩት ብርቄ ነግራዋለች። ከአገር ያመጣሁትን በሶ በማርና በውኃ አሽቼ ስንበላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና አፉን ከፈተ። አጎረስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው። ነውሩን ለእኔ ሲል ዋጠው ማለት ነው።

አንባቢዎቼ፣ ከቅናት ተፈወስኩ እንድላችሁ ከጠበቃችሁ አልተፈወስኩም። ሰልቫን ዛሬም አልወደውም፤ ጨዋነቱ ያናድደኛል። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ድሮ የምቀናው ሊወስዱብኝ በሚችሉት ላይ ነበር፤ አሁን ከእኔ ውጭ የሚያበራት ነገር መኖሩን ለምጃለሁ። መልመድ ማለት አይቆጠቁጠኝም ማለት አይደለም። የምትቀኑ ካላችሁ፣ ከመሮጣችሁ በፊት ቋጠሮውን ቁጠሩ እላለሁ፤ ባትቆጥሩም ቢያንስ ጫማችሁን አድርጉ።

ለሸህ ሰይድ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው "ታዲያ ትተሃት መጣህ?" አሉኝ።

"አስሬያት መጣሁ" አልኳቸው።

የቀራት አንድ ክረምት ነው። ማታ ማታ ኔትወርክ ሲኖር ፊት ለፊት እየተያየን እናወራለን። ስለ ኩሬ ታወራኛለች፤ ሰልቫንም ታነሳለች፤ እኔም ፊቴ ይጠቁራል፤ እሷም ታያለች። ልንሰነባበት ስንል ሳልጠይቃት ጀርባዋን ትሰጠኝና ፀጉሯን ወደ ፊት ትመልሳለች። ስልኩን ወደ ማጅራቷ ታስጠጋዋለች። ክሩ ደብዝዟል፤ ቢጫነቱ እየጠፋ ነው። ከላይ ያለው ቋጠሮ የእኔ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የጠበቀው እሱ ነው።

"ቁጠር፣ አንተ ቅናተኛ" ትለኛለች። እቆጥራለሁ።